ቀጥ ብላ መሄድ የማትወድ መኪና፦ ስለ ድሮዎቹ ፊውል ኦልተርዶች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን «ዊንግድ ኤክስፕረስ» የምትባለውን፣ ፊውል ኦልተርድ ከሚባሉት የድሮ የድራግ መኪኖች አንዷን፣ ፎቶ ለጥፌ፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ፎቶውን ላላያችሁት፣ ባለ 1923 ፎርድ ቲ ቦዲ ናት። ከሹፌሩ ራስ በላይ ሰፊ ክንፍ ተዘርግቷል። የኋላ ጎማዎቿ በጭስ ተውጠዋል። ሹፌሩ መሪውን የያዘው በአንድ እጁ ብቻ ነው። ጥያቄው ከየአገሩ ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። እኔ ካሊፎርኒያ ውስጥ በመካኒክነት የምተዳደር ሰው ነኝ፤ እነዚህን መኪኖች ግን የማውቃቸው ለእንጀራ ብዬ ሳይሆን ከፍቅር ነው። ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፣ ከአዳማ፦ ጋሼ፣ ከመጀመሪያው ይጀምሩልን። ፊውል ኦልተርድ ምን ዓይነት መኪና ናት?

መልስ፦ የድራግ ውድድር ራሱ ቀላል ነው። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ አረንጓዴ መብራት ሲበራ ይነሳሉ፣ ሩብ ማይሉን ማለትም 402 ሜትሩን ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል። ድራግስተር የሚባለው ለዚህ ብቻ ከብረት ቱቦ የተበየደ ረጅምና ቀጭን መኪና ነው። ኦልተርድ ግን የእውነተኛ መኪና ቦዲ አላት። ብዙውን ጊዜ የ1920ዎቹ ወይም የ30ዎቹ ፎርድ፣ ባንታም ወይም ፊያት ነው። ቦዲው ተቆራርጦ ይቀላል፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ይገፋል። ደንቡ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ካለው ርቀት እስከ ሩብ ድረስ ወደ ኋላ መግፋት ይፈቅድ ነበር። «ፊውል» የሚለው ደግሞ የምትጠጣው ቤንዚን ሳይሆን ናይትሮሜቴን መሆኑን ይነግርሃል።

ክላሱ ሲጻፍ ኤኤ/ኤፍኤ ተብሎ ነው። ኤኤ ማለት ትልቅ ሞተር ከሱፐርቻርጀር (አየር በግድ ወደ ሞተሩ ከሚያስገባ መንፊያ) ጋር፣ ኤፍ ፊውል፣ የመጨረሻዋ ኤ ኦልተርድ። ተመልካቹ «ኦፉል ኦፉል» እያለ ነበር የሚጠራቸው፣ ክፉ ክፉ እንደማለት። ክላሱ የነገሠው ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 70ዎቹ መጀመሪያ፣ ከሁሉም በላይ በካሊፎርኒያ ነው። ላየንስ፣ ኧርዊንዴል፣ ኦሬንጅ ካውንቲ፣ ፍሪሞንት የሚባሉ ሜዳዎች ነበሩ። እነዚህ አራቱ ዛሬ አንዳቸውም የሉም።

ጥያቄ፣ ከሲያትል፦ ቪዲዮ ላይ ሳያቸው አንዷም ቀጥ ብላ አትሄድም። ሹፌሮቹ ናቸው ወይስ መኪኖቹ?

መልስ፦ መኪኖቹ ናቸው። ሹፌሮቹማ ባይኖሩ አንዷም መጨረሻው ላይ አትደርስም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ አንድ ድራግስተር ከፊት ጎማው እስከ ኋላ ጎማው 5 ሜትር ገደማ ነበር። ኦልተርድ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ናት። ሞተሩ ግን ያው ነው። 6.4 ወይም 7 ሊትር፣ ሄሚ የሚባለው የክራይስለር ሞተር፣ ከላዩ ሱፐርቻርጀር የተጫነበት፣ 1,500 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ የሚያወጣ። ይህ ሁሉ ጉልበት 900 ኪሎ በማትሞላ ወይም እዚያው አካባቢ በምትመዝን መኪና ላይ ነው። ረጅም መኪና ኋላው ትንሽ ቢንሸራተት አፍንጫው ብዙም አይዞርም። አጭር ስትሆን ግን ያችው ትንሽ መንሸራተት መኪናዋን ወደ ጎን ታዞራታለች።

ከፍታም አለ። ሞተሩ ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ ሱፐርቻርጀሩ ደግሞ በላዩ ይቆለላል። ሹፌሩ መንገዱን የሚያየው በሞተሩ ጎን አጮልቆ ነው። ስትነሳ ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ስለሚሄድ የፊት ጎማዎቹ መሬት የሚነኩት ለወጉ ያህል ነው። መሪውን ብታዞርም የሚሰማህ የለም። የኋላ አክስሏ ከሻንሲው ጋር በቀጥታ የታሰረ ነው፣ ባሌስትራም ሞላም የላትም። ስለዚህ የቀኙ ጎማ ድንገት አስፋልቱን ቢይዝና የግራው ቢንሸራተት መኪናዋ ወደ ግራ ትዞራለች። ከሰከንድ ክፍልፋይ በኋላ ደግሞ የግራው ይይዛል።

አሁን አንድ ነገር ልጨምርበት። የያኔዎቹ አብዛኞቹ ካምቢዮ የላቸውም። ፍሪሲዮን አለ፣ ዲፍረንሻል አለ፣ በቃ። ያለ ማርሽ ከዜሮ እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዴት ይኬዳል? ጎማው እየተንሸራተተ ነዋ! ፍሪሲዮኑና ጎማው ሲንሸራተቱ የካምቢዮን ሥራ ይሠራሉ። ከመነሻው እስከ መድረሻው የምታየው ጭስ ለትርኢት አይደለም፣ መኪናዋ የምትሄድበት መንገድ ነው። ሹፌሩ ጋዙን ትንሽ ቢቀንስ ጎማው ይይዛል፣ ድንገት ሙሉ በሙሉ ቢለቅ ደግሞ አያያዙ መኪናዋን ሊገለብጣት ይችላል። እንዲሁ በእግሩ ጫፍ እየለካ ነው የሚያልፈው።

እኔ ፊውል ኦልተርድን ከሌላው ሁሉ የማስበልጠው በዚህ ነው። በሌሎቹ ክላሶች ጥሩ ሩጫ ማለት ሹፌሩ ምንም ያላደረገበት ሩጫ ነው። እዚህ ግን ሰውየው ሲታገል ከተመልካች ወንበር ላይ ሆነህ ታያለህ።

ጥያቄ፣ ከሐዋሳ፦ ሞተሪኖ (ማስነሻ ሞተር) አላት? ሲገፏት አየሁ።

መልስ፦ በ60ዎቹ ሞተሪኖም ባትሪም የላትም። በፒክአፕ ከኋላ ትገፋለች። ሹፌሩ የዘይት ግፊቱ እስኪወጣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ነዳጁን ይከፍታል፣ ማግኔቶውን ያበራል። ማግኔቶ ራሱ እየዞረ ለካንዴላ እሳት ስለሚሰጥ ባትሪ አያስፈልግም። አልነሳ ያለች ታክሲ ገፍቶ ያስነሳ ሰው ሁሉ መርሁን ያውቀዋል፣ ልዩነቱ እዚህ ሞተሩ ሲነሳ የምትገፋህ እሷ መሆኗ ነው። ራዲያተርም የላትም። የምትሠራው ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ሞተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ይበቃታል።

ጥያቄ፣ ከአንድ የኬሚስትሪ ተማሪ፣ አዲስ አበባ፦ ናይትሮሜቴን ከቤንዚን ያነሰ ኃይል እንዳለው አንብቤያለሁ። ታዲያ ለምን ይጠቀሙበታል?

መልስ፦ ጎበዝ፣ ያነበብከው ልክ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን 44 ሜጋጁል ገደማ ይሰጣል። አንድ ኪሎ ናይትሮሜቴን 11 ሜጋጁል ገደማ ነው፣ ሩብ ማለት ነው። ሞተርን የሚያስቸግረው ግን ነዳጅ ማስገባት አይደለም፣ አየር ማስገባት ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲነድ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ናይትሮሜቴን ሞለኪዩሉ ውስጥ ኦክስጅን ይዞ ስለሚመጣ 1.7 ኪሎ ይበቃዋል። ስለዚህ ሲሊንደር ውስጥ በገባው በዚያው አየር ከስምንት እጥፍ በላይ ነዳጅ ማቃጠል ትችላለህ። አካፍለህ እየው፣ በአንድ ኪሎ አየር ቤንዚን 3 ሜጋጁል ሲሰጥህ ናይትሮ ከ6 በላይ ይሰጥሃል። ሱፐርቻርጀር ሲጨመርበት ደግሞ ራሱ አየሩ ይበዛል።

የመጀመሪያዎቹ ሱፐርቻርጀሮች ከየት እንደመጡ ስትሰማ ይገርምሃል። ከናፍታ ሞተር ነው የተፈቱት። ጂኤምሲ 6-71 ይባላል። ባለ ስድስት ሲሊንደር የከባድ መኪናና የአውቶቡስ ሞተር ላይ የነበረ የአየር መንፊያ ነው። ልጆቹ ከቆሻሻ ብረት ግቢ እያወጡ፣ በቀበቶ እያዞሩ ቪ8 ላይ ጫኑት።

ናይትሮ ክፉ ጎን አለው። ቀስ ብሎ ስለሚነድ እሳቱ ቀደም ተብሎ መሰጠት አለበት። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው ፈሳሽም ብዙ ነው። አንዱ ካንዴላ ሥራ ካቆመ ሲሊንደሩ ያልነደደ ነዳጅ ይሞላል። ፈሳሽ አይታመቅም፣ ፒስተኑ ሲወጣ የሚሄድበት ያጣል። ከዚያ ቢዬላ (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ይታጠፋል፣ ብሎክ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ሱፐርቻርጀሩ በእሳት ታጅቦ ከሞተሩ ላይ ይነሳል። ለዚህ ነው ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ መካኒኮቹ መጀመሪያ ካንዴላ የሚፈቱት። ስምንቱን በተራ ደርድረው ጫፋቸውን በባትሪ ያያሉ። ጫፉ ሹል ሆኖ ከሳሳ ወይም ከቀለጠ ያ ሲሊንደር ነዳጅ አንሶታል። እርጥብና ጥቁር ከሆነ በዝቶበታል። የዘንድሮ ኮምፒውተር ሁሉ ከመምጣቱ በፊት ዕውቀቱ እዚያች ጫፍ ላይ ነበር፣ እስካሁንም ያቺን የማያነብ መካኒክ ናይትሮ መንካት የለበትም ባይ ነኝ።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ፦ እዚህ ከፍታ ላይ ብትመጣ ምን ትሆናለች?

መልስ፦ ትደክማለች፣ ግን አትሞትም። አዲስ አበባ ላይ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አየሩ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ወደ አዋሽ የወረደ ሹፌር መኪናው ጉልበት ስትጨምር ያውቀዋል። አሜሪካኖቹ ይህን የለመዱት ዴንቨር አጠገብ ነው። ባንዲሜር የሚባለው ሜዳ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነበር፣ በ2023 ተዘጋ። መካኒኮች እዚያ ሲደርሱ የሱፐርቻርጀሩን ፑሌ ቀይረው በፍጥነት ያዞሩታል፣ ነዳጁንም እንደ አየሩ ይመጥኑታል። ናይትሮ ኦክስጅኑን በከፊል ይዞ ስለሚመጣ ከቤንዚን ሞተር ይልቅ ጉዳቱን ይችላል። አዲስ አበባ ደግሞ ከዴንቨሩ ሜዳ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ማስተካከያው ብዙ ነው፣ የማይቻል ግን አይደለም።

ጥያቄ፣ ከሮም፦ አባቴ ስለ ቶፖሊኖ ያወሩ ነበር። በእርግጥ ያቺ ትንሽዬ ፊያት ናት ለውድድር የዋለችው?

መልስ፦ አዎ እመቤቴ፣ ራሷ ናት። ፊያት ቶፖሊኖ በ1936 ነው የወጣችው። ሞተሯ 569 ሲሲ፣ ጉልበቷ 13 ፈረስ፣ ፍጥነቷ ቢበዛ 85 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነበር። እኛ አገር በታክሲነት የምናውቃት ሴይቼንቶ ታናሿ ናት ማለት ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ ቶፖሊኖ ሰው ስላልገዛት በርካሽ ትገኝ ነበር። ለድራግ ልጆች ደግሞ ከዚህ የተሻለ ቦዲ የለም፣ ጠባብ፣ አጭር፣ ቀላል። ሞተሯን አውጥተው ጣሉና ከመቶ እጥፍ በላይ ጉልበት ያለው ሄሚ ከተቱበት። ከሁሉ ዝነኛዎቹ አንዷ የጆ ሞንዴሎና የሱሽ ማትሱባራ ፊያት ናት። ሞንዴሎ በቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሥራ ስመ ጥር ነበር፣ ማትሱባራ ደግሞ ሹፌሩ። የጃፓን ዝርያ ያለው አሜሪካዊ ነው፣ በኋላ የጆ ፒሳኖን ፈኒ ካር ነድቷል፤ ፈኒ ካር ምን እንደሆነ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ባንታምንም ላንሳ። አሜሪካን ባንታም የሚባል በፔንሲልቬንያ የነበረ ትንሽ ፋብሪካ ነው የሠራት። ይኸው ፋብሪካ በ1940 የመጀመሪያውን የጂፕ ናሙና ለአሜሪካ ጦር አቅርቧል። ፋብሪካው መኪና መሥራቱን አቆመ፣ ትንንሾቹ ቦዲዎቹ ግን ድራግ ሜዳ ላይ ሁለተኛ ዕድሜ አገኙ።

ጥያቄ፣ ከዳላስ፦ ፎቶው ላይ ያለው ሹፌር ማነው? ለምን በአንድ እጁ ይነዳል?

መልስ፦ ዊሊ ቦርሽ ነው፣ «ዋይልድ ዊሊ» ይሉታል። ሞተሩን የሚሠራው ሸሪኩ አል ማርሴለስ ነበር፣ በቅጽል ስሙ ማውሲ። ሁለቱ በአንድ ላይ ዊንግድ ኤክስፕረስን የክላሱ ሁሉ መለያ አደረጓት። በ1960ዎቹ መጨረሻ በሰዓት 200 ማይል፣ ማለትም 322 ኪሎ ሜትር ያለፈች የመጀመሪያዋ ፊውል ኦልተርድ እሷ ናት። 2 ሜትር ተኩል በሆነች መኪና፣ ያውም ባለ 1923 ቦዲ! ቁጥሩን ቆም ብላችሁ አስቡት።

ቦርሽ አንድ እጁን መሪው ላይ አድርጎ በሌላው የቦዲውን ጠርዝ ጨምድዶ ነበር የሚነዳው። ብዙ ሰው ለታይታ ይመስለዋል። እኔ ግን ፊልሞቹን ደጋግሜ ካየሁ በኋላ አልመሰለኝም። መኪናዋ ስትወረውርህ በሁለት እጅህ መሪውን ከያዝክ ሰውነትህ በተወረወረ ቁጥር መሪውን ይዘህ ትሄዳለህ። ራሱን በአንድ እጁ ከቦዲው ጋር አስሮ ሌላውን ለመሪው ብቻ ነፃ አደረገው። የእጁን እንቅስቃሴ ተመልከቱ። መኪናዋ መዞር ከመጀመሯ በፊት መልሱ ይሄዳል።

ክንፉንስ ለምትሉ፣ ክንፍ መኪናን ወደ መሬት የሚጫነው አየር ሲመታው ነው። ስለዚህ መነሻ ላይ ምንም አይረዳም፣ ከሜዳው አጋማሽ በኋላ ግን የኋላ ጎማዎቹን ይጫናል። እንደዚያ ከፍ ብሎ መሰቀሉ የራሱ ጣጣ አለው። ቢሆንም ያለ ክንፉ ያቺን መኪና ማሰብ አልችልም።

ጥያቄ፣ ከዳላስ፣ ያው ጠያቂ፦ ከቦርሽ ሌላ ማንን ልይ?

መልስ፦ ዴል ኤመሪን። «ፑር ሄል» የምትባለውን ባንታም የነዳው እሱ ነው። ንጹሕ ገሃነም ማለት ነው ስሟ። ባለቤቷ ሪች ጓስኮ ሁለት ዓለም የነበረው ሰው ነው። በ1961 የኦክላንዱ ትርኢት ላይ የአሜሪካ ውብ ሮድስተር ተብሎ የተሸለመው የ1929 ፎርድ የእሱ ነበር። እንዲያ የሚያብረቀርቅ መኪና የሠራ ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ ጎማ የሚያጨስ አውሬ ሠራ። ኤመሪ «ቀንድ አውጣው» የሚል ቅጽል ስም ነበረው። በኋላ ሹፌርነቱን ትቶ የሬይመንድ ቢድል «ብሉ ማክስ» ፈኒ ካር ዋና መካኒክ ሆነ፣ በ1979፣ በ1980 እና በ1981 በተከታታይ ሻምፒዮን ሆኑ። ከኦልተርድ የወጣ ሰው የማይቆጣጠረው ሞተር የለም የምለው ለዚህ ነው።

ሊዮን ፊትዝጀራልድ ደግሞ «ፑር ሄቨን» የምትባል ነበረችው። ገሃነምና ገነት በአንድ ፖስተር ላይ! «ራት ትራፕ»ን እና የዴቭ ሃውን «ናኑክ»ም እዩ። የእነዚህ ስሞች ዛሬም ሜዳ ላይ ይሰማሉ።

ጥያቄ፣ ከቴል አቪቭ፦ ባለቤቴ ሹፌሮቹ ለምን የጋዝ ጭምብል እንደሚያደርጉ ጠየቀችኝ፣ መልስ አጣሁ።

መልስ፦ ሞተሩ ፊታቸው ላይ ስለሆነ ነው። ናይትሮ ሲነድ የሚወጣው ጭስ ውስጥ የናይትሪክ አሲድ ትነት አለ። ሜዳው ዳር ቆመህ እንኳ ዓይንህን ያስለቅስሃል፣ ጉሮሮህን ይይዝሃል። ሹፌሩ ከጭስ መውጫ ቱቦዎቹ ኋላ ነው የተቀመጠው። ዘይት ሲረጭ መነጽሩ ላይ ነው፣ እሳት ቢነሳ ጭኑ ላይ ነው። ስለዚህ ብርማ ቀለም ያለው እሳት የሚቋቋም ልብስ፣ ጭምብልና ወፍራም ጓንት ያደርጋል። ማቆሚያው ፓራሹት ነው፣ ፍሬን ብቻውን አይበቃም።

ፍሪሲዮኑም እግሩ መካከል ነው ማለት ይቻላል። መጋቢት 8 ቀን 1970 ስመ ጥሩ የድራግስተር ሹፌር ዶን ጋርሊትስ ላየንስ ላይ ሲነሳ ድራግስተሩ እግሩ ስር ፈነዳ። የቀኝ እግሩን ጫፍ አጣ፣ መኪናው ለሁለት ተቆረጠ። በሚቀጥለው ዓመት ሞተሩን ከኋላው ያደረገ መኪና ይዞ መጣና አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ድራግስተሮች ሁሉ ተከተሉት። ኦልተርዶች ግን የድሮ መኪና መልክ ካልያዙ ኦልተርድ መሆናቸው ስለሚቀር ሹፌሩ እዚያው ከሞተሩ ኋላ ቀረ። ዛሬም እዚያው ነው። የፍሪሲዮን መሸፈኛው፣ የሱፐርቻርጀሩ ማሰሪያ፣ ሹፌሩን የሚከልለው የብረት ጎጆ ሁሉ ግን ከያኔው ጋር አይነጻጸርም።

ጥያቄ፣ ከቶሮንቶ፦ መሬቱ ላይ ፈሳሽ እያፈሰሱ ጎማ የሚያሽከረክሩት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ጎማውን ለማሞቅ ነው፣ የሞቀ ጎማ አስፋልት ይይዛል። ዛሬ ውሃ ነው። ያኔ በረኪና ነበር፣ ልብስ የምናጥብበት ራሱ።

ጥያቄ፣ ከአትላንታ፦ ሴት ናይትሮ ነድታ ታውቃለች?

መልስ፦ እህቴ፣ ነድታ ብቻ አይደለም። ሸርሊ ማልዳውኒ በ1977፣ በ1980 እና በ1982 የቶፕ ፊውል፣ ማለትም የናይትሮ ድራግስተሮች ክላስ፣ ሻምፒዮን ሆናለች። ወንዶቹ ሦስቴ ለመድገም ሲታገሉ የቀደመቻቸው እሷ ናት።

ጥያቄ፣ ከሚኒያፖሊስ፦ እንዲህ የሚወደዱ ከነበረ ለምን ጠፉ?

መልስ፦ ገንዘብ። በ1966 ፈኒ ካር የሚባለው መጣ። ቦዲው ከፋይበርግላስ የተሠራ፣ መልኩ ግን ሱቅ ውስጥ የሚሸጥ መኪና የሚመስል። ፎርድም ክራይስለርም ወደዱት። «እሑድ ያሸነፈው ይኸው፣ ሰኞ መጥታችሁ ግዙ» ለማለት ይመቻል። በ1970 ማቴል የተባለው የአሻንጉሊት ኩባንያ ለሁለቱ ሹፌሮች ለፕሩዶምና ለማክዩን ፈኒ ካሮች ስፖንሰር ሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ተለወጠ። የ1923 ፎርድ የሚሸጥ ነጋዴ የለም። ፈኒ ካር ረዘም ያለና የተረጋጋ ስለነበረም ፈጠነ።

ሹፌሮቹም ተከተሉ። ራሱ ቦርሽ በ70ዎቹ መጀመሪያ ወደ ፈኒ ካር ዞረ። ላየንስ በታኅሣሥ 1972 ተዘጋ፣ ኧርዊንዴል በ1977፣ ኦሬንጅ ካውንቲ በ1983። የቤት መሬት ዋጋ ጨምሮ ነበር፣ ጎረቤትም ጩኸቱ ሰልችቶት። ማንንም አልወቅስም፣ የሰው ኑሮ ነው። ግን ከፈኒ ካርና ከኦልተርድ የቱ ያምራል ካላችሁኝ ፈኒ ካር ሹፌሩን ቦዲው ውስጥ ደበቀው፣ ለእኔ ኪሳራው እሱ ነው።

ጥያቄ፣ ከሚኒያፖሊስ፦ ታዲያ ዛሬ የምናያቸው ኦሪጅናሎቹ ናቸው ወይስ ኮፒ?

መልስ፦ ድብልቅ ነው። ከ80ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የድሮውን ናፍቆት ይዘው የተነሱ ሰዎች አሉ፣ በ1992 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፋሞሶ ሜዳ ላይ የሆት ሮድ ሪዩኒየን ተጀመረ። ማውሲ ማርሴለስ ዊንግድ ኤክስፕረስን መልሶ አቆማት፣ ማይክ ቦይድ ነዳት። ሮን ሆፕ ራት ትራፕን ይዞ መጣ። ዛሬ ከ6 ሰከንድ በታች፣ ከ240 ማይል በላይ የሚሄዱ አሉ። የያኔው ሻንሲ ይህን ፍጥነት አይችልም፣ የደህንነት ደንቡም አይፈቅድም። ስለዚህ ብዙዎቹ አዲስ ሻንሲ ላይ የድሮ ስም፣ የድሮ ቀለምና የድሮ መልክ ናቸው።

«ኦሪጅናል ካልሆነ ምን ዋጋ አለው» የሚሉ ሰዎች አሉ። አልስማማም። ይህች መኪና ቆማ የምትታይ ዕቃ አይደለችም። ሙዚየም ውስጥ ገመድ ተዘርግቶላት ብታያት የ1923 ቦዲና ሞተር ነው የምታየው። ባሕርይዋ የሚታየው ናይትሮ ስትጠጣ ነው። አዲስ ሻንሲ ላይ ሆና ብትሮጥ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፣ ከዶሃ፦ እዚህ ድራግ ሜዳ አለ፣ አርብ ማታ እናያለን። ፊውል ኦልተርድ ግን የለም።

መልስ፦ የባሕረ ሰላጤው ሜዳዎች ዘመናዊ መኪና ላይ ነው ያተኮሩት። ግን ያለህበት ከተማ በናይትሮ ታሪክ ውስጥ ስም አለው። አል አናቢ የተባለው የኳታር ቡድን አሜሪካ ሄዶ በ2010 ከላሪ ዲክሰን፣ በ2011 ከዴል ወርሻም፣ በ2013 ከሾን ላንግደን ጋር የቶፕ ፊውል ሻምፒዮን ሆኗል። የያኔው ሄሚ የልጅ ልጅ ነው ሞተሩ።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ፦ ጋሼ፣ እኛ ሜዳ የለንም። ሌሊት መንገድ ላይ ነው የምንወዳደረው። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ልጄ፣ መንገድ ላይ አትወዳደሩ። ይህን የምለው ፍጥነት ጠልቼ አይደለም፣ የጻፍኩትን ሁሉ እያየኸው ነው። መንገድ ላይ ግን የሚሞተው ለመወዳደር ያልመጣው ነው። ከሥራ የሚመለስ ሰው፣ ባጃጅ፣ መንገድ የሚያቋርጥ ልጅ።

አሜሪካኖቹም የጀመሩት እንደናንተ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወጣቱ መንገድ ላይ እየተወዳደረ ብዙ ሰው ሞተ፣ ጋዜጣው ጮኸ፣ ፖሊስ አሳደደ። በ1950 ሳንታ አና ላይ አንድ ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳውን ለድራግ ከፈተ። በሚቀጥለው ዓመት ዎሊ ፓርክስ የተባለ የመጽሔት አዘጋጅ ኤንኤችአርኤ የተባለውን ማኅበር መሠረተ። በ1954 ጥቂት ሰዎችን በመኪና ከከተማ ከተማ ልኮ ለክለቦች፣ ለፖሊሶችና ለከንቲባዎች ውድድር በደህንነት እንዴት እንደሚካሄድ አሳየ። ፖሊስን ጠላት ሳይሆን አጋር አደረገው።

እናንተም ክለብ አቋቁሙ፣ ደንብ ጻፉ፣ ኢንሹራንስ ጠይቁ፣ ባዶ አስፋልት ያለው ማን እንደሆነ አጥኑ፣ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ተቀመጡ። አንዴ እምቢ ቢሏችሁ እንደገና ሂዱ። መጀመሪያ ደግሞ ሩብ ማይል አያስፈልጋችሁም፣ ስምንተኛው ማይል፣ 201 ሜትር ይበቃል። ከዚያ በኋላ ለማቆሚያ ቢያንስ ያንን እጥፍ ባዶ መንገድ ይኑራችሁ። ከዚህ በታች ከሆነ አትሞክሩት።

ጥያቄ፣ ከሎስ አንጀለስና ከለንደን፣ ሁለት ሰዎች፦ ልጆቻችንን ይዘን የት እንያቸው?

መልስ፦ ሎስ አንጀለስ ያለኸው ዕድለኛ ነህ። ፋሞሶ ከቤከርስፊልድ በስተሰሜን ነው፣ ከአንተ ሁለት ሰዓት ገደማ። መጋቢት ላይ ማርች ሚት ይካሄዳል፣ ከ1959 ጀምሮ ያለ ውድድር ነው። ቆመው ማየት ለምትፈልጉ ደግሞ ፖሞና ያለው የዎሊ ፓርክስ ሙዚየም አለ። ለንደን ያለኸው ሐምሌ ላይ ሳንታ ፖድ ሂድ። የድሮ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ነው፣ ከ1966 ጀምሮ ድራግ ሜዳ ሆኗል። ድራግስታልጂያ የሚባለው በዓላቸው ለድሮ መኪኖች ነው፣ «ሃቮክ» የምትባለው የእንግሊዞቹ ፊውል ኦልተርድም እዚያ ዝነኛ ናት።

ለልጆቹ የጆሮ መሸፈኛ ግዙ፣ ትልቁን ዓይነት፣ የጥጥ ቁራጭ አይበቃም። ነፋሱ ወደየት እንደሚነፍስ አይታችሁ በተቃራኒው በኩል ተቀመጡ፣ አለበለዚያ ጭሱ ያስለቅሳቸዋል። በሩጫዎቹ መካከል መኪኖቹ ወደሚጠገኑበት ቦታ ሂዱ። እዚያ መግባት ለተመልካች ክፍት ነው። ካንዴላዎቹ ተደርድረው ስታዩ መካኒኩን ጠይቁት፣ ለልጅ ማስረዳት የማይወድ የኦልተርድ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።